አብረን ብንቆርብስ?

ዘቢብ ውሃ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ጣፋጭ ነው እንዳልል የከረሜላ ዓይነት አይደለም፤ ጎምዛዛ ነው እንዳልል የጠላ ዓይነትም አይደለም። ትንሽ የስልቻ፣ ትንሽ የማር፣ ትንሽ ዝናብ የመታው አፈር ነገር አለበት። ባለፈው ዓመት ለጻድቁ በዓል ዋዜማ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄጄ፣ ከሚኒባሱ ወርጄ፣ ጉልበቴን እየረገምኩ በጽዶቹ መካከል ያለውን ዳገት ስጨርስ ያ ሽታ ድንገት ተቀበለኝ። ከዋሻው በር ወረድ ብሎ አንድ ሰው ዘቢብ አጥቦ ውሃውን ድንጋይ ላይ ደፍቶታል። ቆምኩ። አብረውኝ የመጡት የሰፈሬ ሴቶች «ደከመሽ ወይ?» አሉኝ፤ ደከመኝ አልኳቸው። ምን ልበላቸው? አፍንጫዬ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ ብላቸው ጠበል ያዝዙልኝ ነበር። በብብቴ የያዝኩት የመባ ዘቢብ የከበደኝም ያን ጊዜ ነው።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ዘቢብ ትሸጥ ነበር። ነጋዴ ስላት ሱቅና ሚዛን ያላት አይምሰላችሁ፤ ንብረቷ አንድ ስልቻ፣ አንድ ሰፌድና አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ነው። ቦታዋ ልብስ ሰፊው ጥግ ነበር። ያ ጥግ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ የስፌት መኪና ይፈልጋል። ልብስ ሰፊው በመስኮቱ ላይ ባትሪው በጎማ የታሰረ ሬዲዮ ነበረው። አምባሰል ሲመጣለት እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስቶ፣ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደቆመ ትቶ ያዳምጣል። ያን ሰዓት ሱሪ የሚያሰፋ ሰው አይቸኩልም፤ ቢቸኩልም የሚሰማው የለም። ሴቱ አቡጀዲ ቀሚስ በወፍራም መቀነት ይለብሳል፤ ከብልባላ በኩል የሚመጣው ባላገር የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ አህያውን እየነዳ ይገባል። ለፋሲካ የቴትሮን ሸሚዝ ያገኘ ጎረምሳ ደግሞ ፀሐይም ቢመታው ዝናብም ቢመታው ከላዩ ምንም አይደርብበትም፤ ቢደርብ ማን ያይለታል? እኔ ኮንጎ ጫማ ነበረኝ። ስራመድ ሲጥ ሲጥ ስለሚል እናቴ ገና ከሩቁ «ያቻት፣ ጫማዋ ቀድሟት መጣ» ትለኝ ነበር። አንድ ጣሳ ዘቢብ በስሙኒ ነበር። አሁን ዋጋውን ስጠይቅ የነገረኝን ባለሱቅ «ከነማሳው ነው የምትሸጥልኝ?» ብዬዋለሁ። ስሙኒን ግን አያውቃትም።

ዘቢቡን በወልድያ መንገድ የሚያመጣልን እንድሪስ የሚባል የቆላ ሰው ነበር። ሙስሊም ነው። በላስታ አድባራት የሚቀደሰው ወይን የሚጨመቀው እሱ ጭኖ ካመጣው ዘቢብ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያኔ ማንም እንደ ልዩ ነገር አያነሳውም። እንድሪስ ስልቻውን ከበቅሎው ከማውረዱ በፊት ውሃ አስመጥቶ እጁን ይታጠባል። እናቴ «ምነው እንድሪስ፣ ገና የገበያ ዕቃ እኮ ነው» ስትለው፣ «አብሽሪ ጥሩ፤ ለጌታ የሚቀርብ ነገር ባደፈ እጅ አይያዝም» ይላት ነበር። እናቴም ከእሱ አታንስም። ዘቢቡን ሰፌድ ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች፤ ሙሉው ለቤተ ክርስቲያን፣ የተሰነጠቀው ለገበያተኛው፣ ከእንጨቱ ያልተላቀቀው ለእኔ ኪስ። አንድ ደንብ ደግሞ ነበራት። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ላይ ከሆነች የቤተ ክርስቲያኑን ሰፌድ አትነካም። እኔ በዚያ ሰሞን ራቅ ብዬ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ሴት መጥታ «ምነው ዛሬ ሥራ ፈታሽ?» ካለችኝ «ንጹሕ አይደለሁም» እላለሁ፤ ያልቃል። ከዚያ በላይ ማብራራት ነውር ነበር። ሴቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወንዱም ያውቀዋል ብለን እናስብ ነበር።

የላሊበላ ልጅ መሆን ደግሞ ጂኦግራፊ ያሳስታል። ወንዛችን ዮርዳኖስ ነው፤ ጎልጎታ ከቤታችን አንድ ጥሪ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ደግሞ ቤተልሔም ትባላለች። ስለዚህ ጌታ የተወለደው ከኛው ደብር ጀርባ ባለችው፣ ጭስ በሚወጣባት ቤት መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ትምህርት ቤት ገብቼ መምህሩ ካርታ ላይ በእንጨት እየነካ «ቤተልሔም ይህች ናት፣ ባሕር ማዶ» ሲል ተነሥቼ «ተሳስተዋል፣ እኛ ሰፈር ናት» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ለብዙ ጊዜ ቅጽል ስሜ ቤተልሔም ሆኖ ቀረ።

ይህን ብሶቴን የነገርኩት ለዲያቆን አበጋዝ ነው። በየቅዳሜው ለደብሩ ዘቢብ ሊገዛ ይመጣ ነበር። ገና በልጅነቱ ከዋድላ ከኮን አካባቢ ተነሥቶ፣ እናት አባቱ ሞተውበት፣ በየኔታ ጎጆ ያደገ ልጅ ነው። ቀጭን ነበር፤ ነጭ ጥምጥሙ ሁልጊዜ ከራሱ ይበልጥበታል። እኔ ሳጉረመርም እሱ አልሳቀም።

«አንቺ አልተሳሳትሽም፤ ካርታው ነው ያጎደለው» አለኝ። «ቤተልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታ ምግብ ሊሆነን ስለመጣ በእንጀራ ቤት ተወለደ። ኅብስት በሚጋገርበት ሁሉ ቤተልሔም አለች።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። ማወቅ እፈልግ ነበር፤ እሱንም ማቆየት እፈልግ ነበር። የቱ እንደሚበልጥ ዛሬም አልለየሁትም። ቁርባን ከየት መጣ ብዬ ስጠይቀው ከመልከ ጼዴቅ ይጀምርልኛል፤ ሌላው በግና ኮርማ በሚያርድበት ዘመን ኅብስትና ወይን ይዞ አብርሃምን ሊቀበል ስለወጣው ካህን። ከዚያ ወደ ሐሙስ ማታ ያመጣኛል። «ሰው ሊሞት ሲል ለልጆቹ መሬት ይናዘዛል፣ ከብት ይናዘዛል» አለኝ አንድ ቀን። «ጌታ መሬት የለው፣ ከብት የለው። ለሚወዳቸው ራት ተወላቸው። ሥጋዬ ነው፣ ደሜ ነው ብሎ ራሱን ማዕድ አደረገ።» ቃሉንም ፈታልኝ። «ቁርባን ማለት ከመቅረብ የመጣ ነው። እናትሽ እንግዳ ሲመጣባት ምን ትላለች? ቅረቡ አይደል የምትለው? ቅዳሴውም ያው ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ መጨረሻው ቅረቡ ነው።» የይምርሐነን ነገር ያጫወተኝም እሱ ነው። ጻድቁ በዋሻው ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር ይባላል። «ታዲያ ለምን ቀረ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናትሽ ሥራ እንዳትፈታ» አለኝ። እናቴ ጣሳዋን ጥላ ሳቀች። እኔም እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ፤ ከሳቁ በኋላ ያለው ነው የሚከብደኝ።

በኛ አገር ሰው የሚቆርበው በሕይወቱ ሁለት ጫፍ ነው። ሕፃን ሆኖ በእናቱ ጀርባ ይቆርባል፤ ጉርምስና ሲመጣ ይሸሻል፤ ጥርሱ ሲወልቅ ይመለሳል። መካከሉ፣ ዋናው ዕድሜ፣ ባዶ ነው። ሰው ፈርቶ ነው እንጂ ንቆ አይደለም። ሥጋወደሙ ከተቀበሉ በኋላ መበደል ያስፈራል፤ ስለዚህ የሚበድልበትን ዕድሜ ሰው አስቀድሞ ለበደል ይመድበዋል። ሳስበው ያስቃልም ያሳዝናልም። እኔ በዚያ ባዶ መካከል ነበርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ በዚያ ጊዜ ላስታ ውስጥ ይህ ዕድሜ ለሴት ልጅ ቆማ የመቅረት ዕድሜ ነው። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ገበያ ሲመጡ እኔ ደብተር ይዤ እመላለሳለሁ። ዘመኑም የስብሰባና የመዝሙር ዘመን ነበር፤ ተማሪው በሰልፍ ይወጣል፣ በሰልፍ ይገባል፣ ማታ ማታ የወጣት ስብሰባ ይባላል። የስብሰባ ነገር የገባው ሰው ባይኖርም ሐሜቱ ግን ለሁሉም ገብቶታል። ተማሪ ቤት የዋለች ልጅ ደህና አትቀርም ይባል ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ ከጫማዬ ጩኸት አብልጬ አልሰማውም።

ያቺ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበረች። ያለፈው እሑድ አንድ ሰባኪ መጥተው ወጣቱን ሲገሥጹ ውለዋል፤ ለምን አትቆርቡም፣ ሞት ሽማግሌ ይመርጣል ወይ ብለው። እኔ የዚያን ሰሞን ጠፍጣፋው ድንጋዬ ላይ ነኝ። እናቴ የአምስት ብር መንዛሪ ፍለጋ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገባች። አበጋዝ ሰፌዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ዘቢቡን በጣቱ ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። ሬዲዮው ይዘፍናል። ዐይኑን ከሰፌዱ ሳያነሳ፣

«ዋጋዬ» አለኝ። «አብረን ብንቆርብስ?»

የሰባኪውን ነገር የቀጠለ መሰለኝ። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ከእሱ ጋር ከሆነ ለምን ቅዳሴ አልቆምም። ግን በዚያ ሰሞን አይሆንም። «ቅረቡ» የሚባለው ለኔ በዚያ ሳምንት አልነበረም።

«እኔ እንኳ ይቅርብኝ» አልኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ። «ንጹሕ አይደለሁም።»

ጣቱ ቆመ። «እውነትሽን ነው?»

«በዚህ ነገር ይቀለዳል እንዴ?»

ፊቱ ሲቀላ አየሁ። እኔም አፈርኩ፤ ለወንድ መናገሬ ነው ብዬ። ብድግ አለ፣ ጋቢውን አስተካከለ። «እግዚአብሔር ያንጻሽ» አለኝ። ለሳምንት ነገር ይህን ያህል ጸሎት ምን አመጣው ብዬ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የከፈለበትን ዘቢብ እንኳ ሳይዝ ሄደ። እናቴ ስትመለስ «ምን አልሽው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ምንም አላልኩትም ብዬ ነበር የማምነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ የታጠበ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ዘቢብ ስለቅም ዋልኩ። የመጣው ሌላ ዲያቆን ነው። በሚቀጥለውም ሌላው መጣ። አበጋዝን ከሩቅ አየዋለሁ፤ መንገድ ይቀይራል። እኔ ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ሴት ልጅ ወንድን «ምን ሆንክብኝ?» የምትልበት ዘመን አልነበረም። ወዲያው ሚስት አገባ ተባለ፤ ከብልባላ ማዶ፣ የአንድ ቄስ ልጅ። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ድንግል ሚስት በቁርባን ሲያገባ ነው። ሙሽሮቹ በአንድ ቀን ቀርበው ከአንድ ጽዋ ይቆርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ መፋታት የለ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ቢያገባ ቅስናው ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የኔን ነገር ግን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። ጋብቻ በሽማግሌ ይመጣል፤ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዘር ተቆጥሮ፣ አባት ጉሮሮውን ጠራርጎ። አንድ ዲያቆን በገበያ መካከል፣ ዘቢብ እየነካካ፣ በሁለት ቃል ያገባኛል ብዬ በምን ላስብ? ድሀ ስለሆንን ተወኝ አልኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወሬ ሰምቶ ይሆናል አልኩ። አንዳንዴም ከመጀመሪያውም ለኔ ብሎ አልነበረም፣ ለዘቢቡ ነበር የሚመጣው አልኩና ራሴን ሰደብኩ። ሰው መልስ ያጣበትን ነገር እንደ ቆሎ ሲያኝከው ይኖራል፤ እኔ ሃምሳ ዓመት አኘክሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ የብዙ ሰው ዕድሜ ነው። አስተማሪ ሆንኩ። የመጀመሪያ ምድቤ ኮን ነበር፣ የሱ አገር፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ባና ተከናንበው ሲቀመጡ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። ጋብቻዬ በቁርባን ሳይሆን በሰማንያ ነው፤ ባሌም አስተማሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆች ወለድን፣ ቤት ሠራን፣ ተከባበርን፣ ቀበርኩት። ስለ እሱ ማጉረምረም ግፍ ይሆንብኛል። ግን ላሊበላ ለክረምት ስመጣ፣ ያ ጥግ ጋ ስደርስ እርምጃዬ ያጥራል። ልብስ ሰፊው ሞተ። እንድሪስ ቀረ፤ ሰዎች ቆላ እርሻው ላይ ሞተ አሉኝ። እናቴ በመጨረሻዋ ዕለት ጣሳዋን ለእኔ አወረሰችኝ፣ ሌላ የሚወረስ አልነበራት። ቱሪስቱ መጣ፣ ሆቴሉ በዛ፣ ከዚያ ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣና ሆቴሉ ባዶ ቀረ፤ መብራትም ሄዶ ተመለሰ። ቄስ አበጋዝ ሚስቱ ሞታ መነኮሰ፣ ከአገር ሄደ ሲባል ሰማሁ፤ የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጥርሴ ሲወልቅ እኔም እንደ ሰዉ ወደ ቁርባን ተመለስኩ።

እና ባለፈው ዓመት ይምርሐነ፣ ያ ሽታ። ሽታውን ተከትዬ ሄድኩ። ከዋሻው ወረድ ብሎ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር አንድ መነኩሴ አጎዛ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ዘቢብ ይለቅማሉ። ዐይናቸው ፈዟል፤ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው በጣታቸው ነው የሚለቅሙት። ከፊታቸው ተንበርክኬ መባዬን አቀረብኩ።

«ዘቢብ ነው፣ አባ። የተለቀመ ነው።»

«እግዚአብሔር ይቀበልልሽ። ለጸሎት ማን ልበል?»

«ወለተ ሐና።»

እጃቸው ዘቢቡ ውስጥ ገባ፤ ጥቂት በጣታቸው አሹ። «ይህ አለቃቀም ያረጀ አለቃቀም ነው። አንዲት እንጨት የለችበትም። የዓለም ስምሽስ?»

«ዋጋዬ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ «የወይዘሮ ጥሩ ልጅ?» አሉኝ። «ቤተልሔም?»

በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው በምድር ላይ የቀረ አልመሰለኝም ነበር። እኔ በመልክ አላወቅኋቸውም፤ ቀጭኑ ዲያቆን በዚያ ጢም ውስጥ የለም። ያወቅኋቸው በጣታቸው ነው። ዘቢቡን ወዲያና ወዲህ የሚያደርጉት ያው በፊት እንደሚያደርጉት ነው። ለቅሶም ሳቅም መጣብኝና ሁለቱንም ዋጥኩ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ ኮን ብርድ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን የነገርሽኝን ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ። «ማርያምን ለማንም። የኔታ ሽማግሌ ልላክልህ ወይ ብለው ሁሉን አሰናድተው ሲጠብቁ ልቤ ተመለሰ አልኩ እንጂ ስምሽን አላነሳሁም። ስምሽ በኔ አፍ አልጎደፈም። በሰገድኩ ቁጥር ግን አስቤሻለሁ። እግዚአብሔር ያንጻት ብያለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እንደ መብረቅ ሳይሆን እንደ ውሃ፣ ቀስ ብሎ ከእግሬ ጀምሮ ገባኝ። ድንጋዩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ ሁለቱ የሱ ቃላት፣ ሁለቱ የኔ ቃላት። «እውነትሽን ነው?» ሲለኝ «ይቀለዳል እንዴ?» ያልኩት። ሽማግሌው ተሰናድቶ ነበር። ምንጣፍ ሊነጠፍልን ነበር። ዲያቆን ድንግል ነው የሚያገባው፤ እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ንጹሕ አይደለሁም አልኩት።

እውነት ልናገር፣ ተናደድኩ። ለሃምሳ ዓመት ባልሠራሁት ኃጢአት ተሰገደልኝ። አንድ ቃል ጨምሮ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ያን ፊት አየሁት። ምስጢሬን በመጠበቁ የሚኮራ ፊት ነው፤ ከዕድሜው ውስጥ የሚያወጣው ንጹሕ ዕቃ ይህች ነገር ናት። ብነግረው ይህችን እቀማዋለሁ፤ ባልነግረው «ወድቃ ነበር፣ ራርቼላት ነበር» የምባል ሴት ሆኜ እቀበራለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ ልቆርብ ነው የመጣሁት። ሰው የሚቀርበው ጉሮሮው ላይ ያለውን አውጥቶ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ልነሣ ጉልበቴን ያዝኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ከዚያስ?» አሉኝ፣ በጣም በዝግታ። «እግዚአብሔር አነጻሽ?»

«አነጻኝ፣ አባ» አልኩ። «በሳምንቱ አነጻኝ።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ፤ ልክ እንደዚያ ቀን። ከዋሻው ውስጥ የመዘምራኑ ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«በሳምንቱ?»

«በሳምንቱ። ቅዳሜ ሰፌዱን ይዤ ዘቢብ ስለቅም ዋልኩ። አንቱ አልመጡም።»

የፈዘዘው ዐይናቸው ከነዕንባው ወደ ሰማይ እንዳየ ቀረ። ኋላ «ራቅ ብለሽ ድንጋዩ ላይ የተቀመጥሽው...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ለዚያ ነበር።»

«እናት የለኝ» አሉ። «እኅት የለኝ። በየኔታ ጎጆ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ማን ይንገረኝ?»

ንዴቴ ያን ጊዜ ወጣልኝ። መጽሐፉን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ መልከ ጼዴቅን ያውቅ ነበር፣ ኅብስቱ ከየት እንደመጣ፣ ቃሉ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እናት ያላት ልጅ ሁሉ የምታውቀውን አንድ ነገር የሚነግረው ሰው አልነበረውም። እኔም የማውቀውን ሁሉ ሰው ያውቃል ብዬ ነበር። በሁለታችንም መካከል የተቀመጠ ክፉ ሰው የለም፤ ብረግመው ደስ የሚለኝ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ቁጭት እንዲህ ሲሆን ነው መድኃኒት የሌለው።

«የሰገዱትስ?» አልኩ፣ ላሳቃቸው ብዬ። «ያ ሁሉ ስግደት ለማን ይሁን?»

«ለኔ ይሁን» አሉ። «ለኔ ነው የሚያስፈልገው።» ከዚያ ሰፌዱን በሁለት እጃቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ቅረቢ፣ ልጅ ዋጋዬ። ዐይኔ ከዳኝ፤ አብረን እንልቀመው። አሁንስ ትነኪው የለ?»

«አሁንማ ዕድሜ አንጽቶኛል» አልኩ። ቀረብኩ። የነገው ወይን የሚጨመቅበትን ዘቢብ ፀሐይ ከጽዱ ጫፍ እስክትወርድ ድረስ አብረን ለቀምን። አንድ ሁለቴ ጣታችን አንድ ዘቢብ ላይ ተገናኝቶ ሁለታችንም ለቀቅነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቅዳሴው ተቀደሰ፤ የቤተልሔሟ ኅብስት ወጣ። መነኮሳቱ ቀድመው ቆረቡ፤ እሳቸውን አንድ ዲያቆን በክንዳቸው ይዞ አቀረባቸው። ከዚያ ሕፃናቱ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ በመጨረሻ እኛ ሴቶቹ። ሥጋውን ተቀበልኩ፤ ከጽዋው በመስቀሉ ማንኪያ ደሙን ሲያቀብሉኝ ሽታው ያው ነበር፤ ስልቻ፣ ማር፣ ዝናብ የመታው አፈር። ከአንድ ጽዋ ነው። የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ስወጣ ከግድግዳው ሥር ቆመው ነበር፤ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው። እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አጠገባቸው ቆምኩ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ብዙ አይናገርም፤ እኛም አልተናገርንም።